በኩር ውርንጭላ ይሮጣል ወይ? ስለ ልደት ተራና ስለ እሽቅድምድም ፈረስ ጥያቄና መልስ

ባዝራዎች በሚወልዱበት በረት ለብዙ ዓመታት ሌሊቱን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ውርንጭላ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀኝ «ለእናቱ ስንተኛዋ ነው?» ብሎ ነው። በኩሯ ነው ስለው ፊቱ ሲቀዘቅዝ አያለሁ፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የገባችሁን ጥርጣሬ ሁሉ ጠይቁኝ። የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በኩር ደካማ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የሰው ወሬ?

መልስ፦ እውነትነት አለው፤ ግን ሰው እንደሚያጋንነው አይደለም። በኩር ብዙ ጊዜ ከታናናሾቹ አነስ ብሎ ይወለዳል። ምክንያቱ እንግዴ ልጁ ነው። የላም እንግዴ ልጅ በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ከማህፀን ጋር ይያያዛል፤ የፈረስ ግን መላውን የማህፀን ግድግዳ ያለብሳል። ስለዚህ ውርንጭላው የሚደርሰው ምግብ በማህፀኑ ስፋት ይወሰናል። ወልዶ የማያውቅ ማህፀን ገና አልተለጠጠም፤ ደምና ምግብ የሚቀባበሉት ደቃቅ ጉንጉኖችም በመጀመሪያው እርግዝና ሳሳ ይላሉ።

ማህፀን ምን ያህል ኃይል እንዳለው በ1938 ዋልተን እና ሃሞንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ካምብሪጅ ላይ አሳይተዋል። ግዙፉን የሻየር ፈረስና ድንኩን የሸትላንድ ፈረስ አዳቀሉ፤ አንድ ጊዜ ትልቋን እናት አድርገው፣ አንድ ጊዜ ትንሿን። የሁለቱም ውርንጭሎች ደም እኩል ድብልቅ ነው። ከሻየሯ የተወለደው ግን ከሸትላንዷ ከተወለደው ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። በአንድ ባዝራ በኩርና ታናሽ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ከተወለደ በኋላስ ልዩነቱ ይቀጥላል?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ በኩር የበለጠ ጠባቂ ይፈልጋል። ጤነኛ ውርንጭላ በ1 ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ይጠባል፤ እናቲቱም በ3 ሰዓት ውስጥ እንግዴ ልጇን ትጥላለች። አዲስ እናት ግን ጡቷ ሲነካ ትደነግጣለች፣ ትራገጣለች። ስትጮህና ስትዞር ያደረች ባዝራ ራሷን ይዤ፣ ውርንጭላው እንዲጠባ እያባበልኳት ጎህ የቀደደብኝ ሌሊት አለ። ያን ያህል የምንታገለው ለእንገሩ ነው። በፈረስ፣ በሽታን የሚከላከለው ኃይል በእርግዝና ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ አያልፍም፤ ከእንገር ብቻ ነው የሚገኘው፤ የውርንጭላው አንጀትም የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሐኪም በማግስቱ ደሙን መርምሮ መጠኑን ያረጋግጥ። በዚህ ሰዓት የተበደለ ውርንጭላ ታሞ ወራት ያጣል፤ በኋላ ሰው «በኩር ስለሆነ ነው» ይላል።

ጥያቄ፦ የሽያጭ መዝገብ ይዤ ቆጥሬያለሁ። ካሸነፉት መካከል በኩሮች ከኋለኞቹ ያንሳሉ። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቆጠራህ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ማወዳደሩ ግን ያሳስታል። እርባታ ገብታ የወለደች ባዝራ ሁሉ፣ ጎበዟም ደካማዋም፣ አንድ በኩር አላት። ሰባተኛ ልጅ ያላትስ የትኛዋ ናት? አብዛኛውን ጊዜ የፊተኞቹ የሮጡላት ናት። ሁለት ሦስት ልጆቿ ያልሮጡላት ትሸጣለች ወይም ከእርባታ ትወጣለች። በኩርን ከሰባተኛ ጋር ስታስተያይ ሳታውቀው እናቶችን እያወዳደርክ ነው።

ድንጉላውም አለ። አንዲት ባዝራ ጥሩ ልጅ ስታሳይ ባለቤቷ በቀጣዩ ጊዜ ውድ በሆነ ድንጉላ ያስጠቃታል። ታናሹ ቢበልጥ ብልጫው የአባቱ ሊሆን ይችላል። ራሷ ታላቅ ሯጭ የነበረች ባዝራ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ምርጥ ድንጉላ ይቀርብላታል። እኔ የምጠጋው ወደ አንድ መንገድ ነው፤ የአንዲትን እናት ልጆች እርስ በርስ አስተያይ፣ የሚቻል ከሆነ ከአንድ አባት የተወለዱትን። ያኔ የልደት ተራው ድርሻ በጣም ሲቀንስ ታያለህ።

ጥያቄ፦ የልደት ወር ከተራው ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በጣም! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የቶሮብሬድ (ለእሽቅድምድም የሚረባው ዘር) ፈረሶች ሁሉ ዕድሜ ጃንዋሪ 1 ላይ ይቆጠራል፤ አውስትራሊያ ኦገስት 1 ላይ ነው። በፌብሩዋሪ የተወለደና በሜይ የተወለደ በወረቀት እኩያ ናቸው፤ በሁለት ዓመት ዕድሜ ሲሽቀዳደሙ ግን ሦስት ወር ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሂሳቡን እዩት። እርግዝናው 340 ቀን ገደማ ይፈጃል። ባዝራዋ በየዓመቱ በዚያው ቀን እንድትወልድ ከወለደች በኋላ ለመፀነስ ያላት 25 ቀን ብቻ ነው። ከወለደች ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ድንጉላ ትፈልጋለች፤ ያ ካለፈ ሦስት ሳምንት ያህል ትጠብቃለች። ስለዚህ ልደቱ ከዓመት ዓመት እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ሜይ ሲደርስ ባለቤቱ አንድ ዓመት ባዶ ያሳልፋታል። ወልዳ የማታውቀዋ ግን ወቅቱ እንደተከፈተ ልትጠቃ ትችላለች። ስለዚህ ብዙ በኩሮች አነስ ብለው፣ ግን ቀደም ብለው ይወለዳሉ። ቀድመው መወለዳቸው ትንሽነታቸውን ያካክሳል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ በኩር ሆኖ ታላቅ የሆነ ይጥሩልን።

መልስ፦ ኖርዘርን ዳንሰር። የናታልማ በኩር ነው፤ እናቱ በጉዳት ከእሽቅድምድም ዘግይታ ስለወጣች እሱም ዘግይቶ፣ ሜይ 27 ቀን 1961 ተወለደ። በኩር፣ አጭር፣ ዘግይቶ የተወለደ፤ ሰው የሚሸሸው ሁሉ በእሱ ላይ ነበር። የአንድ ዓመት ልጅ ሳለ በ25 ሺህ ዶላር ቀርቦ ገዢ አጣ። በ1964 ታዋቂውን የአሜሪካ ውድድር ኬንታኪ ደርቢን በ2 ደቂቃ ጨርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በኋላም የዘመኑን የፈረስ ዘር የቀየረ ድንጉላ ሆነ።

ጥያቄ፦ ታላቁ ካሸነፈ ታናሹን ዓይኔን ጨፍኜ ልግዛ?

መልስ፦ ዓይንሽን አትጨፍኚ እህቴ። ካይንድ የተባለችው ባዝራ በኩሯ ቡሌት ትሬን ነው፤ ደህና ፈረስ ነበር። ሁለተኛው ፍራንክል ነው፤ 14 ጊዜ ሮጦ 14 ጊዜ አሸነፈ። በኋላ ታላቅየው ለታናሹ ፍጥነት ሊያወጣለት ከፊቱ ይሮጥ ነበር። ሦስተኛው ኖብል ሚሽን ከፍራንክል ጋር በአባትም በእናትም አንድ ነው፤ በ2014 የቻምፒየን ስቴክስን አሸነፈ፤ ሆኖም እንደ ፍራንክል አልሆነም።

ጥያቄ፦ የእናቲቱ ዕድሜስ?

መልስ፦ ከተራው ይልቅ እሱን ነው የማየው። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእናትም የአባትም ዕድሜ ሲገፋ የልጆቹ ፍጥነት በጥቂቱ እንደሚቀንስ፣ የእናት ጫና እንደሚያይል አግኝተዋል። ጥቂት ማለት ግን ጥቂት ነው። በ1973 ቤልሞንት ስቴክስን በ31 የፈረስ ርዝመት ያሸነፈው ሴክሬታሪያት ሲወለድ እናቱ 18 ዓመቷ ነበር። ኧርባን ሲ የተባለችው ባዝራ በ1998 ሦስተኛ ልጇን ጋሊሊዮን ወልዳ፣ ሲ ዘ ስታርስን የወለደችው በ17 ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ልጆቿ ታዋቂውን የእንግሊዝ ውድድር ኤፕሰም ደርቢን አሸንፈዋል።

ጥያቄ፦ ፅንሱን ወደ ሌላ ባዝራ ማዛወር አይሻልም?

መልስ፦ ለቶሮብሬድ ክልክል ነው፤ እንዲህ የተወለደ አይመዘገብም።

ጥያቄ፦ በኩር የሆነች ውርንጭላ ገዝቻለሁ፤ ትንሽ ናት። በመኖ ላሳድጋት?

መልስ፦ ልጄ፣ እባክህ እንዳትቸኩል። ውርንጭላን በብዙ እህል ማጣደፍ አጥንትና መገጣጠሚያዋን ይጎዳል። በሰፊ መስክ ከእኩዮቿ ጋር ልቀቃት፣ ድርቆሽና ማዕድኑ የተመጣጠነ ይሁን፣ በየወሩ መዝናትና ጻፍ። ኮርቻ ከመጫንህ በፊት ሐኪም የፊት ጉልበቷን ራጅ ያንሳ፤ አጥንቱ ገና እያደገ ከሆነ ጠብቃት። እናቷ ቀጥሎ ስትወልድ ደግሞ ታናሽየውን ሄደህ እይ፤ በተመሳሳይ ዕድሜ ከጻፍከው ክብደት ጋር አስተያየው።