ማርከሩን ለሠራተኞቻችሁ ስጡ

ልጆቼ፣ ሐዋሳ ውስጥ በልብስ ፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በክሊኒክ ሰው እንድትመሩ የተሾማችሁ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን በሠራተኞች ሥልጠና ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። አንድ ነገር ልምከራችሁ። ስብሰባ ላይ "ሐሳብ ያለው?" ብላችሁ ሁሉም ዝም ካለ፣ ሐሳብ የለም ብላችሁ አትበትኑ። ሠራተኛ ወደ ሥራ ሲመጣ ፍርሃቱን፣ ናፍቆቱን፣ ጨዋታውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። በሥዕል፣ በድራማ፣ በዜማ የሚያወጣበት መንገድ ስጡት።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማችን መጡ። ለብዙዎቹ ፋብሪካም አዲስ ነው፣ አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አለቃ ፊት መናገር ይቅርና ቀና ብሎ ማየትም ይከብዳል። እንዲህ ያለችን ልጅ "ተናገሪ" ብሎ ማፋጠጥ ጭካኔ ነው። ማርከርና ሰፊ ወረቀት ሰጥታችሁ "ከቤት ወጥተሽ እስክትመለሺ ያለውን ቀን ሣዪልን" በሏት። አንዲት ሠልጣኝ የሣለችው እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የስፌት ማሽኗን ጥግ ላይ አሳንሳ ሣለችው። ወረቀቱን የሞላው ከሺፍት በኋላ በጨለማ የምትሄድበት መንገድ ነበር። ልጆቹ ለምን ሥራ ይለቃሉ እያልን በመጠይቅ ስንፈልገው የነበረው መልስ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር።

ድራማም ይረዳል። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያዳበረው ፎረም ቲያትር የሚባል ዘዴ አለ። አጭር ትዕይንት ይሠራል፣ ለምሳሌ ሱፐርቫይዘር ሠራተኛ ላይ ሲጮኽ። ትዕይንቱ ሲደገም ከተመልካቹ አንዱ "ቁም!" ይልና በተበዳዩ ቦታ ገብቶ ሌላ መላ ይሞክራል። አለቆች ቁጭ ብለው ይዩት። መጀመሪያ ሳቅ ይበዛል፤ ቆይቶ ቁም ነገሩ ይመጣል።

ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ደቦ ላይ አውራጁ ግጥም ይደረድራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጎበዙ ይወደሳል፣ ሰነፉ ይሸነቆጣል። እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ብሶታቸውን በእንጉርጉሮ አውጥተዋል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ጊዜ፣ እዚሁ ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ የሚባለውን የጋራ ዜማና ጭፈራ የሰማ ሰው፣ የሕዝብ ስሜት በዜማ እንዴት እንደሚወጣ አይነገረውም።

ግን አደራ፣ ማንንም አታስገድዱ። መመልከት ብቻ የፈለገ ይመልከት። "ሥዕልሽ አያምርም" የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ወረቀቱም የሥራ አፈጻጸም መለኪያ እንዳይሆን፤ አንዴ ከሆነ ሁለተኛ እውነቱን የሚሥልላችሁ አታገኙም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጥበብን የደሞዝ ምትክ ማድረግ ነው። የቤት ኪራይ ያልሞላላትን ልጅ በጭፈራ አታባብሏት። የሣለችውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መርሳትም እሷን መናቅ ነው። መንገዱ ያስፈራኛል ካለቻችሁ፣ ስለ ሰርቪስ ከኃላፊዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። በሚቀጥለው ስብሰባም ምን እንደተወሰነ ቀድማችሁ ንገሯት፤ አልተሳካም ቢሆን እንኳ።