ሻተሩ ክፍት ሲቆይ ፒኩ ይሰፋል

አዮን ሞቢሊቲ ስፔክትሮሜትር አዮኖችን፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸውን ሞለኪውሎች፣ ቱቦ ውስጥ በቮልቴጅ እየነዳ በሚደርሱበት ጊዜ የሚለይ መሣሪያ ነው። ሻተሩ አዮኖቹን ወደ ቱቦው የሚያስገባው በር ነው፤ ፒኩ ዲቴክተሩ ጋ ሲደርሱ የሚታየው የሲግናል ጉብታ፣ ቤዝላይኑ ደግሞ ፒክ በሌለበት ያለው መስመር ነው። ደብረ ብርሃን የምትሠራ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦ «የአዮን ሞቢሊቲ ስፔክትሮሜትራችን ማኑዋሉ በ10 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል የሚለውን ፒክ በ7 ያመጣዋል። ፒኩ ሰፍቶ ከጎኑ ካለው ጋር ይደባለቃል። ቤዝላይኑም ዜሮ አይነካም። ቱቦው በክፍል ሙቀት፣ በ5,000 ቮልት ነው የሚሠራው። ሻተሩ ለ200 ማይክሮ ሰከንድ ይከፈታል። ምኑ ነው የተበላሸው?»

እህቴ፣ 7 ሚሊ ሰከንዱ ብልሽት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን 70 በመቶ አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ አዮኑን መንገድ ላይ የሚገታው ሞለኪውል ይቀንሳል፤ ቶሎ ይደርሳል። ሞቢሊቲውን፣ ማለትም አዮኑ በኤሌክትሪክ መስክ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ስታሰይ የክፍልሽን ግፊትና ሙቀት አስገቢ።

ስፋቱ ግን የሻተሩ ጉዳይ ነው። የመንዝ በግ ከጉረኖ ሲወጣ አስቢ። በሩ ለአፍታ ተከፍቶ ቢዘጋ በጎቹ ተጠጋግተው ይወጣሉ። ክፍት ከቆየ ግን የፊተኛዋ መስክ ስትደርስ የኋለኛዋ ገና ደጃፍ ናት። አዮኖቹ በጉዞ ላይ በራሳቸውም ይበተናሉ፤ ያንን ማስቀረት አይቻልም። በአንቺ ቮልቴጅ፣ በ7 ሚሊ ሰከንድ ጉዞ፣ ይሄ መበተን 53 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው። የሻተሩ 200 ነው። ሁለቱ በካሬያቸው ስለሚደመሩ ፒኩ 207 ገደማ ይሰፋል። 7 ሚሊ ሰከንድን ለዚህ ስታካፍዪው ተጠጋግተው ያሉ ፒኮችን የመለየት አቅምሽ 34 ይሆናል። ሻተሩን ወደ 100 ብታወርጂው ወደ 62 ይወጣል። ባሕር ወለል ላይ፣ በ10 ሚሊ ሰከንድ፣ ያው 200 ማይክሮ ሰከንድ 47 ይሰጥ ነበር። የማኑዋሉን መቼት እንዳለ ደጋ ላይ መጠቀም ልክ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በአንድ ጊዜ ግን አትቁረጪው። ጊዜውን በግማሽ ስታሳጥሪ ሲግናሉም ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል። ዝግተኞቹ አዮኖች ደግሞ የበለጠ ይጎዳሉ፤ ተሻግረው ሳይጨርሱ በሩ ይዘጋባቸዋል። 200፣ 150፣ 100 እያልሽ ውረጂ፤ የጠፋውን ሲግናል ብዙ ስፔክትረም በማማከል ካሺው። ሻተሩን አሳጥረሽ ፒኩ ካልጠበበ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። አምፕሊፋየሩንና ከዲቴክተሩ ፊት ያለውን ወንፊት እዪ።

ቤዝላይኑ ሻተሩ እንደሚያፈስ ነው የሚነግረኝ። ሳይከፈት እንዲቆይ አድርጊና ዲቴክተሩ ላይ ያለውን ከረንት አንብቢ። ከዚያ ከፍተኛ ቮልቴጁ ጠፍቶ ከምታነቢው ጋር አስተያዪው። የመጀመሪያው ከበለጠ አዮን እያለፈ ነው። የብራድበሪ ኒልሰን ዓይነት ሻተር በአንድ ገጽ ላይ እየተፈራረቁ የተወጠሩ ሁለት ወገን ሽቦዎች አሉት። ሲዘጋ የአንዱ ወገን ቮልቴጅ ከፍ፣ የሌላው በእኩል መጠን ዝቅ ማለት አለበት። የመዝጊያውን ቮልቴጅ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ ከረንቱ መውረዱን ሲያቆም እዚያው ተዪው። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ አብዝቶ ይጨምራል። ያኔ ሻተሩ ፊቱ የቆሙትን አዮኖች ይበላቸዋል፤ በሩ ሲከፈት የሚገባው ጥቂት ይሆናል።

በምንም ቮልቴጅ ካልዘጋ ሽቦው ላልቷል ወይም ተበጥሷል። ፓወር ሰፕላዩን አጥፊ፣ የተጠራቀመውን ቻርጅ አስወጪ፣ የሻተሩን ገመዶች ንቀዪ፣ ከዚያ ሁለቱን ወገን በቴስተር ለኪ። መገናኘት የለባቸውም። አንድ ሽቦ እንኳ ከረገበ ክፍተቱ ይዛባና እዚያ ጋ ያፈሳል።

አደራ፣ ሻተሩ ራሱ በሺህ በሚቆጠር ቮልት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ተራ ኦሲሎስኮፕ አታገናኚበት። የመለየት አቅም ፍለጋም 5,000ውን አትለፊ፤ በሳሳ አየር ብልጭታ ቶሎ ይዘላል። የአዮን ምንጩ ራዲዮአክቲቭ ኒኬል ከሆነ ደግሞ እሱን ክፍል ፈጽሞ አትክፈቺው።