የፕሮስቴት ኤምአርአይ ለምታነቡ ወጣት ሐኪሞች

እዚህ ጎንደር የራዲዮሎጂ ትምህርት የጀመራችሁ ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ በሪፖርታችሁ ላይ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ከማስፈራችሁ በፊት ጥቂት እንድትቆዩ ስለምፈልግ ነው። ከዓመታት በፊት ከደምቢያ የመጡ አንድ አባት አዲስ አበባ የተነሡትን የፕሮስቴት ኤምአርአይ ፊልም በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው አመጡልኝ። ከሽንት ፊኛው አጠገብ ባለው የፕሮስቴት ዕጢው የላይኛው ክፍል ጠቆር ያለ ነገር አይቼ «ካንሰር ያጠራጥራል» ብዬ ጻፍኩ። በሙያው የሚቀድሙኝ አንድ ሐኪም ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅለው «ግራና ቀኙን አስተያይ እንጂ» አሉኝ። ጥቁረቱ በሁለቱም ወገን እኩል ነበር፤ ለካስ የዘር ቱቦዎቹን ከብቦ የሚገኘው፣ ቲ2 በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ዓይነት ላይ በተፈጥሮው ጠቆር የሚለው የዕጢው ማዕከላዊ ክፍል ኖሯል። እስከዚያው ግን ልጃቸው ለማሳከሚያ ብሎ የእርሻ በሬዎቹን የሚገዛ ሰው ማፈላለግ ጀምሮ ነበር፤ ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ካንሰር መስለው የሚያሳስቱት ሌሎቹ ነገሮች ግራና ቀኙን በማስተያየት ብቻ አይለዩም። ለምርመራ ከዕጢው በመርፌ ናሙና ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው ደም በቲ2 ላይ ጠቁሮ ካንሰር ሊመስል ይችላል፤ ቲ1 በሚባለው ሌላው የምስል ዓይነት ላይ ግን ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን አድርጉ፤ ሁኔታው ከፈቀደም ከናሙናው በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ቆይቶ መነሣት ይሻላል። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የዕጢ እብጠትም ወደ ዳርቻው ክፍል ወጥቶ ሲገኝ ያደናግራል፤ ክብነቱንና ዙሪያውን የያዘውን ሽፋን ፈልጉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግራኑሎማ (የብግነት ሕዋሳት ጓል) የሚፈጥረው የፕሮስቴት ብግነት ነው። በቲ2 ይጠቁራል፤ የውኃን እንቅስቃሴ በሚያሳየው የዲፊውዥን ምስልም ልክ እንደ ካንሰር የውኃው እንቅስቃሴ ተገድቦ ይታያል፤ ከዕጢው ድንበር ያለፈ ሊመስልና በደም የሚለካውን የፕሮስቴት ፕሮቲን፣ ፒኤስኤውንም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የካንሰር ጥርጣሬን ከ1 እስከ 5 በሚመዝነው የፒራድስ መለኪያ 4 ወይም 5 የሰጠውን ሐኪም አልወቅስም። ከመንስኤዎቹ አንዱ ቲቢ ነው፤ ሌላው ለጨቅላ ሕፃናት ክንድ ላይ የምንወጋው የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ ሲሆን፣ ይኸው ለፊኛ ካንሰር ሕክምና በቀጥታ ፊኛ ውስጥ ይጨመራል። ምስሉ ብቻውን ስለማይለየው ቁርጡ የሚታወቀው በናሙናው ነው፤ ሆኖም የታማሚውን ታሪክ የጠየቀ ሐኪም ብግነቱንም በሪፖርቱ ስለሚጠቅስ፣ ቤተሰቡ ገና ውጤቱ ሳይመጣ ለቅሶ አይቀመጥም።

በማዘዣው ወረቀት ላይ ታሪኩ ካልተጻፈ ተነሥታችሁ ወደ ተራ መጠበቂያው ወንበር ሂዱና አባትየውን ራሳቸውን ጠይቋቸው። ናሙና የተወሰደላቸውን ቀን ብዙዎቹ የሚያስታውሱት በበዓል ነውና፣ «ከጥምቀት በፊት ነበር ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጀምሩ።