ፓፓያው ሃሞክ አይችልም

ጥያቄ፦ ልጄ ለፋሲካ ከአሜሪካ ስትመጣ ሃሞክ፣ ማለትም በሁለት ጫፉ ታስሮ የሚንጠለጠል መተኛ፣ አመጣችልኝ። ጓሮዬ ውስጥ ትልቅ አቮካዶ አለ። ከእሱ 4 ሜትር ያህል ርቆ ፓፓያ አለ፤ ከፓፓያው ጀርባ የብሎኬት አጥር ነው። ጎረቤቴ «በናይሎን ገመድ ወጥረሽ እሰሪው፣ እንዳይረግብ» ብሎኛል። የልጅ ልጆቼ ቸኩለዋል። ምን ይመክሩኛል?
አንባቢዎ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሳይሰቅሉት መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፣ እህቴ።

አቮካዶው ጥሩ ነው፤ ግን ግንዱ ላይ ብቻ። ቅርንጫፉ ቶሎ ይሰበራል። ከሃሞኩ በላይ የደረሰ ፍሬ ካለም አስቀድመው ያስለቅሙት። ፓፓያውን ይተውት። ውስጡ ባዶ ነው፤ ግንዱም እንደ ሌላ ዛፍ ጠንካራ እንጨት የለውም።

አጥሩም አይሆንም። ብሎኬት ከላይ ሲጭኑበት ይችላል፤ ወደ ጎን ሲጎትቱት አይችልም። እኔ ቤቴ ብሎኬት ላይ ሜንጦ መትቼ ሰቅዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሜንጦው የብሎኬቱን ፊት ገንጥሎ ወጣ። ልጄ ከወረደች ደቂቃ እንኳ አልሞላትም። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ በፓፓያው ፈንታ ምሰሶ ያስተክሉ። ባለ 4 ኢንች ወፍራም የብረት ቧንቧ ይሁን። 1 ሜትር ያህል ይቀበርና ዙሪያው በአርማታ ይሞላ። አርማታው ሳምንት ሳይሞላው ማንም አይንካው፤ ልጆቹ ቢያለቅሱም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ምክር ልምጣ። አደጋው ያለው እዚያው መወጠሩ ላይ ነው። ገመዱ 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘቀዝቅ፣ 70 ኪሎ ሰው ቢተኛበት እያንዳንዱ ጫፍ የሚጎተተው በ70 ኪሎ ገደማ ነው። ወጥረው 10 ዲግሪ ካደረሱት ያው ሰው ጫፎቹን በ200 ኪሎ ይጎትታቸዋል። የዲግሪ መለኪያ አያስፈልግዎትም። ገመዱ አግድም 1 ሜትር ሲሄድ ቁልቁል 58 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ልክ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ እንደ ወንበር። ሥሩ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ያስነሱ።

ናይሎን ገመድ ሲርስና ሲጫን ይለጠጣል። ቀጭን ከሆነ ደግሞ የአቮካዶውን ልጥ ይቆርጠዋል። ዛፉ ምግቡን ወደ ሥሩ የሚያወርደው በዚያው በልጡ በኩል ነው። የጭነት መኪና ዕቃ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ቀበቶ ይግዙ፤ ወርዱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነውን።

ሲተኙበት በሰያፍ ይጋደሙ፤ ወገብዎ ቀጥ ይላል። ቀጥ ብለው በመሃሉ ከተኙ እንደ ሙዝ ይጎብጣሉ።

ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ሙሉ ማዳበሪያ እህል፣ መቶ ኪሎ ማለት ነው፣ ጭነውበት ይደር። ጠዋት ምሰሶው ካልተነቃነቀ፣ ቋጠሮውም ካልተንሸራተተ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይቀመጡበት። ልጆቹ ቆመው እንዳይወዛወዙበት ግን አደራ።