ሐሳቡ ካለፈ በኋላ የሚቀረውን አስተውሉ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በዳኝነት ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ከችሎት ክርክር ሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ በገዛ ልቤ የሚነሣውን ሐሳብ ለይቶ ማወቅ ነበር። ከእናንተ ብዙዎቹ ስለ ትዳር፣ ስለ ክህነት ወይም ስለ ምንኩስና ጥሪ ስትጸልዩ ግልጽ ድምፅ ትጠብቃላችሁ፤ ድምፁ ሲዘገይም ጸሎታችሁ ያልተሰማ ይመስላችኋል። እኔ ግን ሐሳቡ ካለፈ በኋላ በልባችሁ የሚቀረውን መመልከት እንድትለምዱ እመክራችኋለሁ።

መናፍስትን እንድንመረምር ያዘዘን ሐዋርያው ዮሐንስ ነው፤ አካሄዱን በዝርዝር ከጻፉልን አንዱ ደግሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች ቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1521 በፓምፕሎና ውጊያ በመድፍ ጥይት እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ቤት የጀብዱ መጻሕፍት ቢጠይቅ አልተገኙምና የክርስቶስንና የቅዱሳንን ሕይወት የሚተርኩ መጻሕፍት ሰጡት። አንዲት ታላቅ እመቤት ስለ ማገልገልና ዝና ስለ ማግኘት ሲያልም ሰዓቱ ሳይታወቀው ያልፋል፤ ሕልሙ ሲያበቃ ግን ልቡ ደርቆ ይቀራል። እንደ ቅዱስ ፍራንችስኮስና እንደ ቅዱስ ዶሚኒኮስ ለመኖር ሲያስብም ደስ ይለዋል፤ ይህኛው ደስታ ግን ሐሳቡ ካለፈም በኋላ አብሮት ይሰነብታል። ሁለቱም ሐሳቦች በታሰቡበት ሰዓት ጣፋጭ እንደ ነበሩ ልብ በሉ፤ ልዩነታቸው የታወቀው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1548 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ በጸደቀው «መንፈሳዊ ልምምዶች» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ፣ ከአስተንትኖ (በጸሎት ከማሰላሰል) በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ወይም እየተመላለስን ጸሎቱ እንዴት እንደ ነበረ እንድንመለከት የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እናንተም ከጸሎት ተነሥታችሁ ወዲያው ስልካችሁን እንዳታነሡ እለምናችኋለሁ።

ያን አብሮ የሚሰነብት ደስታ ቅዱሱ መጽናናት ይለዋል፤ መጽናናት ስል ግን የስሜት ሙቀትን ብቻ ማለቴ አይደለም። እምነትን፣ ተስፋንና ፍቅርን የሚጨምር የልብ እንቅስቃሴ ሁሉ መጽናናት ነው፤ ስለ ኃጢአት የሚፈስ እንባም ከዚህ ይቆጠራል። በተቃራኒው ጸሎት የሚታክትበት፣ ልብ የሚጨልምበትና ተስፋ የሚርቅበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ፣ በመጽናናት ሳላችሁ የወሰናችሁትን ውሳኔ አትለውጡ። ድርቀቱ ከራሳችን ቸልተኝነት ሊመጣ ይችላል፤ እግዚአብሔር ሊፈትነን፣ ወይም መጽናናት የእርሱ ስጦታ እንጂ የድካማችን ደመወዝ አለመሆኑን ሊያስተምረን ፈቅዶትም ሊሆን ይችላል። ቅዱሱ በዚህ ጊዜ ጸሎቱን ከማሳጠር ይልቅ ጥቂት እንድንጨምርበት ይመክራል። ጨለማው እንቅልፍንና ምግብን እስኪከለክል ድረስ ከጸና ግን ከነፍስ አባታችሁ በተጨማሪ ሐኪም ማማከርን እንደ እምነት ጉድለት አትቁጠሩት።

ከሁሉ የሚከብደው መልካም የሚመስለውን ሐሳብ መመርመር ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ሰይጣን የብርሃን መልአክ እንዲመስል ራሱን ይለውጣል ያለው እውነት መሆኑን በራሴ አይቻለሁ። በወጣትነቴ አንድ ወቅት፣ በታላቅ ደስታ ተነሣሥቼ ሌሊቱን ለረጅም ሰዓት በጸሎት ማሳለፍ ጀመርሁ። ሐሳቡ ቅዱስ ነበር፤ ነገር ግን ከሳምንታት በኋላ በችሎት ባለጉዳዮችን ታግሼ መስማት አቃተኝ፤ በቤት ተቆጪ ሆንሁ፤ የማይጸልዩ የሚመስሉኝንም በልቤ መናቅ ጀመርሁ። ኢግናጢዮስ የሐሳቡን መጀመሪያ፣ መካከሉንና መጨረሻውን ተከታትለን እንድንመረምር የሚያስተምረን ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ መጨረሻው ወደ ክፉ ወይም ከቀድሞው ወዳነሰ በጎነት ካደረሰን፣ ወይም የነበረንን ሰላም ከነጠቀን፣ ምንጩ መልካም አልነበረም። እኔ መካከሉንና መጨረሻውን ሳላይ በመጀመሪያው ደስታ ብቻ ፈርጄ ነበር።

ስህተቴን ያረዘመው ደግሞ ለማንም አለመናገሬ ነው። በሥራዬ ሌላው ወገን በሌለበት ብቻ እንዲሰማ የሚፈልግን ተከራካሪ በጥርጣሬ ማየት ልማዴ ነበር፤ በልቤ ጉዳይ ግን ይህን ረሳሁ። «ይህን ለነፍስ አባትህ አትንገር፤ አይረዳህም» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ፣ ያንኑ ሐሳብ አስቀድማችሁ ንገሩ። ጠላት ምስጢሩ እንዲጠበቅለት እንደሚሻ አሳች ወዳጅ ነው፤ ነገሩ ሲገለጥበት ኃይሉ ይደክማል። እኔ በመጨረሻ ስናገር ካህኑ ስለ ጸሎቴ ርዝመት አንዳች አልጠየቁኝም፤ «ቤተሰቦችህ በዚህ ሰሞን እንዴት ያገኙሃል?» አሉኝ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ዝም አልሁ።