አንድ መስመር፣ ሦስት ኮምፒውተር፦ ለማራኪ ሰፈሩ ወንድማችን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ቤታችሁ ማራኪ ሰፈር ነው። ያንተ ዴስክቶፕ ኢንተርኔት የሚያገኘው በኬብል ነው። እህትህ ላፕቶፕ አላት፣ ታናሽህ ደግሞ ግቢ ውስጥ ካለው ሰርቪስ ቤት አሮጌ ዴስክቶፕ ይዞ ተቀምጧል። በየክፍሉ ገመድ ሳትጎትቱ ሦስታችሁም በዋይፋይ እንድትጠቀሙ ትፈልጋለህ። እኔም አራዳ ባለው የወላጆቼ ቤት ከዚሁ ነገር ጋር ብዙ ታግያለሁ፤ ስለዚህ ያለፍኩበትን ልንገርህ።

ከላይ የመለሱልህ ልጆች "ኮምፒውተርህ ላይ ሆትስፖት ክፈት፣ አለቀ" ብለውሃል። ሆትስፖት ማለት ያንተ ኮምፒውተር ራሱ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ለሌሎች ሲያካፍል ነው። እውነት ነው፣ ይሠራል። ዴስክቶፕህ ዋይፋይ ካለው ዊንዶውስ 10ም ይሁን 11 ሴቲንግ ውስጥ ግባ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ሞባይል ሆትስፖት። ከየት ላጋራ ሲልህ ኢተርኔት በለው፣ በምን ሲልህ ዋይፋይ። እስከ 8 ዕቃ ያስገባል። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው። ግን ያንተ ኮምፒውተር ሲጠፋ የሁሉም ኢንተርኔት አብሮ ይጠፋል። ስሊፕ ውስጥ ሲገባም እንደዚያው። አንድ ቀን ኮምፒውተሬን አጥፍቼ ወጣሁ፣ ለካ እህቴ ጓዳ ሆና የሥራ ማመልከቻ እየሞላች ነበር፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ተቋረጠባት። እንደ አዲስ ጀመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤት ኢንተርኔት በአንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ መንጠልጠል የለበትም እላለሁ። ማከፋፈል የራውተር፣ ማለትም መስመሩን ተቀብሎ ለሁሉም የሚያድለው ሳጥን ሥራ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመግዛትህ በፊት መስመሩ የሚገባበትን ሳጥን ገልብጠህ እይ። ሆዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ ተጽፎ ካገኘህ ሳጥኑ ራሱ ዋይፋይ አለው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ሌላ ራውተር ይገዛል። ምናልባት ተዘግቶ ይሆናል፣ ከኮምፒውተርህ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለህ ግባና ክፈተው። አድራሻው በአንዳንዱ ይለያል፣ እዚያው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ቦታው። የእኛ ቤት የድሮ የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው የክንድ ያህል ይወፍራል። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳሎን ሙሉ ሲግናል፣ መኝታ ቤት አንድ መስመር፣ ጓዳ ምንም። ሪፒተር፣ ማለትም ዋይፋዩን ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያሳልፍ ዕቃ ገዛሁ። ሲግናሉ ሞላ፣ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ወረደ፤ ምክንያቱም ርካሹ ሪፒተር በዚያው አንድ ራዲዮ እየተቀበለ በዚያው መልሶ ይልካል። ገንዘቤን በከንቱ አወጣሁ። በመጨረሻ የሠራው ምን መሰለህ? ራውተሩን ከመሬት አንስቼ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁምሳጥን አናት ማውጣት። ሲግናል ድንጋይን በግድ ነው የሚያልፈው፣ በበር በኩል ግን እንደ ልቡ ይሄዳል። ኮሪደሩ ላይ ሆኖ የሦስቱንም ክፍል በር ያያል። ከፍ አድርገው፣ መሃል ላይ አድርገው፣ ከፍሪጅ፣ ከማይክሮዌቭና ከቴሌቪዥን አርቀው። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ግን ቀጭኗን ገመድ አትጠፍ፣ ውስጧ መስታወት ነው፤ ሳጥኑን ባለበት ተወውና ከሱ በኔትወርክ ኬብል ሌላ ራውተር አውጣ።

ራውተርህ ሁለት ስም ካሳየህ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። ባለ 5ቱ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ላይ ይደክማል። እህትህ አጠገብ ካለች ባለ 5ቱን ትያዝ፣ ሩቅ ያለው ባለ 2.4ቱን። ጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ካለው ባለ 2.4ቱን ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርገው፣ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም።

የታናሽህ ነገር ከባዱ ነው። ሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ከሆነ ቆርቆሮ ሲግናልን ይመልሳል፣ ስለዚህ ከትልቁ ቤት የሚመጣው ዋይፋይ ውስጥ ድረስ አይዘልቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ አንድ ኬብል መሳብ ይሻልሃል። በየክፍሉ አልፈልግም ያልከው ገብቶኛል፣ ይሄ ግን አንድ ብቻ ነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ግቢያችሁ ከዚያ አይበልጥም። ጫፉ ላይ የቆየ ራውተር ካለህ አድርግበት። መጀመሪያ ግን ሁለተኛውን ራውተር ለብቻው ከኮምፒውተር ጋር አገናኝና የዋናው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የዚህኛውን 192.168.1.2 አድርግ፣ ዲኤችሲፒ (DHCP) የሚባለውን አድራሻ አዳዩን ዝጋ፣ ከዚያ ኬብሉን ዋን (WAN) በሚለው ሳይሆን ላን (LAN) በሚለው ቀዳዳ ሰካው። ዲኤችሲፒውን ካልዘጋህ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምሩና ቤቱ በሙሉ ይረበሻል፤ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ የለፋሁት በዚህ ነው። ደግሞ ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር ያንን የውጭ ኬብል ከሁለቱም ጫፍ ንቀል። የኛ ሰፈር ነጎድጓድ አንድ ራውተር አቃጥሎብኛል።

አሮጌው ዴስክቶፕ ዋይፋይ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ አለ፣ ፒያሳ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ጠይቅ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ አትሰካው፣ የብረቱ ሳጥን ይጋርደዋል። በዩኤስቢ ማስረዘሚያ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ባለ 2.4 ከሆነ ሰማያዊውን የዩኤስቢ ቀዳዳም ተው፣ እሱ ራሱ ሲግናሉን ይረብሻል። እስክትገዛ ድረስ ደግሞ አንድሮይድ ስልክህን ዋይፋይ ላይ አስገባና በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ክፈት። አብዛኞቹ ስልኮች ዋይፋዩን ለኮምፒውተሩ ያስተላልፉለታል።

ከተገናኛችሁ በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ፍጥነት ነው። መስመራችሁ 4 ሜጋ ቢት ነው ብንል በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ብቻ ማለት ነው። ታናሽህ 2 ጊጋ ፋይል ማውረድ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ሁሉንም ይዞ ይቀመጣል። ታላቅ እህታችን ውጭ ሀገር ናት፣ እሁድ እሁድ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ ያወራሉ፤ እማዬ የልጅ ልጇን ፊት እያየች ምስሉ ቀጥ ሲል በጣም ያሳዝነኝ ነበር። ጥፋቱ የዊንዶውስ አፕዴት ሆኖ ተገኘ። በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ዋይፋዩን ሚተርድ ኮኔክሽን አደረግኩት፣ ይህ ዊንዶውስ ኢንተርኔቱን እንዲቆጥብ የሚያዝ ሴቲንግ ነው፣ አብዛኛው አፕዴት ሳይጠየቅ መውረዱን አቆመ። ግን በየጊዜው ማታ ላይ ራስህ አውርደው፣ ለደህንነት ያስፈልጋል። ራውተርህ ባንድዊድዝ ኮንትሮል ካለው ለየኮምፒውተሩ ጣሪያ አብጅለት።

ፓስወርድ ላይ አትስነፍ። የዋይፋዩን መቆለፊያ ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 (WPA2/WPA3) ምረጥ፣ ያለ ፓስወርድ በአንድ ቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን ደብሊው ፒ ኤስ (WPS) ዝጋ፣ የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድም ቀይረው። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ መጥቶ ዋይፋይ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እኛ ቤት በጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ ጌስት ኔትወርክ፣ ማለትም ለእንግዳ ብቻ የሚሆን ሌላ የዋይፋይ ስም ክፈትና የሱን ፓስወርድ ስጥ። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ እናንተ በኮምፒውተሮቻችሁ መሃል የምታጋሩትን ፋይልና ፕሪንተር ግን አያይም።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ይሞታል። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚያስነሳው ባትሪ አለ። ከመግዛትህ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሚል አንብብ። ባለ 9 ቮልቱን በ12 ብታስነሳው ሊቃጠልብህ ይችላል።

አሁን የሳጥኑን ሆድ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፈው፣ ፓስወርዱን ግን በጣትህ ሸፍነው። ከትልቁ ቤት እስከ ሰርቪሱ ስንት ሜትር እንደሆነም ለካ። ስንት ሜትር ኬብል እንደምትገዛ አብረን እናሰላለን።