«ካቲንግ ኤጅ»ን በጽሑፍ ውስጥ በትክክል መጠቀም፦ ጥያቄና መልስ

«ካቲንግ ኤጅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በቀጥታ ሲወሰድ የመቁረጫ መሣሪያ ስለት ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ግን በአንድ ሙያ ከሁሉ ቀድሞ የተደረሰበትን ደረጃ ለመግለጽ ነው። ስለ አጠቃቀሙ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልሴ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ፦ በሁለቱ ቃላት መካከል ጭረት ይገባል?

መልስ፦ ይህን የሚወስነው ሐረጉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ሙያ ነው። «ካቲንግ-ኤጅ ቴክኖሎጂ» እንደሚባለው ከስም በፊት ገብቶ ስሙን የሚገልጽ ከሆነ፣ ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ ቅጽል ስለሚቆጠሩ ሃይፈን በሚባለው አጭር ጭረት ይያያዛሉ። «አት ዘ ካቲንግ ኤጅ ኦቭ ሜዲስን» በሚለው ውስጥ ግን ሐረጉ ራሱ ስም ስለሆነ ጭረት አይገባበትም፤ ከፊቱ ያለው «ዘ»ም ሊዘለል አይገባም። ጭረቱን የለመደ ጸሐፊ እዚህም ሊያስገባው ስለሚችል፣ ጽሑፉን ሲያርም ይህን ቦታ ለይቶ ቢመለከት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ሲመጣስ?

መልስ፦ በዚህ ላይ ልማዱ አንድ ወጥ አይደለም። ጭረቱን የሚያስቀሩም የሚያስገቡም ስላሉ፣ አንዱን መርጦ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ በዚያው መጽናት ይገባል።

ጥያቄ፦ «አት» ነው ወይስ «ኦን» የሚቀድመው?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ «ኢን» ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ «ብሊዲንግ ኤጅ» ከዚህ በምን ይለያል?

መልስ፦ ከመጀመሪያው ሐረግ ላይ ተመሥርቶ የወጣ ሲሆን፣ እጅግ አዲስ ከመሆኑ የተነሣ በቅጡ ያልተፈተነንና ለተጠቃሚው ሥጋት ያለበትን ነገር ያመለክታል። ስለዚህ አንድን የሕክምና መሣሪያ ለማመስገን ሲባል ቢጻፍ፣ አንባቢው መሣሪያው አስተማማኝ እንዳልሆነ ሊረዳው ይችላል። «ሬዘርስ ኤጅ» ደግሞ በአደጋ አፋፍ ላይ መሆንን እንጂ ዘመናዊነትን አይገልጽም።

ጥያቄ፦ በምርምር ዕቅድ ውስጥ ልጠቀምበት?

መልስ፦ ሐረጉ በማስታወቂያ ብዛት ስለደከመ ብቻውን እንዲቆም አልመክርም። «ካቲንግ-ኤጅ የምርመራ ዘዴ እንጠቀማለን» የሚለውን ያነበበ ገምጋሚ ስለ ዘዴው የሚያውቀው ነገር የለም፤ «ውጤቱን በሦስት ቀን ፋንታ በሁለት ሰዓት የሚያሳውቅ ዘዴ እንጠቀማለን» ቢባል ግን፣ በእርግጥ እንዲያ የሚያደርግ ከሆነ፣ አዲስነቱን ገምጋሚው ራሱ ይፈርዳል። ሐረጉ የግድ ከገባም እንዲህ ያለው ማስረጃ በዚያው ዓረፍተ ነገር ወይም በሚቀጥለው ውስጥ ይከተለው።